አሳዳጊ የበደለው

አማርኛ ካሉት ስድቦች ውስጥ ሁልጊዜ ቆም ብዬ እንዳስብ የሚያደርገኝ «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ነው። ሌሎቹ ስድቦች ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ነው የሚነኩት፤ ሰነፍ፣ ቀጣፊ፣ ፈሪ ይሉታል። ይሄኛው ግን ሰውየውን አልፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተሰዳቢው ራሱ ተበዳይ ሆኖ ይቀርባል፤ ጥፋተኛው እዚያ የሌለው አሳዳጊው ነው። አሳዳጊ ሲባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ማስረጃ ከፈለጋችሁ «ሴት ያሳደገው» የሚባል ሌላ ስድብ አለን፤ «ወንድ ያሳደገው» የሚል ስድብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ያው አማርኛ ዞር ብሎ ደግሞ «ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይላል። ከአንድ ማህፀን ቁጡም ትዕግሥተኛም፣ ቆጣቢም አባካኝም ይወጣል፤ እናትየዋ ምን ታድርግ? ነው ነገሩ። ስድቡና ተረቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንደኛው ልጅ የአስተዳደጉ ውጤት ነው ይላል፤ ሌላኛው ልጅ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ ይላል። እኛ ግን ሁለቱንም እንደ ሁኔታው እንጠቀምባቸዋለን፤ የሰው ልጅ ሲያጠፋ ስድቡን፣ የራሳችን ልጅ ሲያጠፋ ተረቱን።

አሁን አሁን ክርክሩ አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያወራ ሰው አላጣም። አንዱ «እኛ በቁንጥጫና በበርበሬ ጭስ አድገን ነው ሰው የሆንነው» ይላል። ሌላዋ ሰው ማመን ያቃታት፣ ሥራ ቦታ አፏን መክፈት የሚያስፈራት፣ ቤት ውስጥ ዝም በይ እየተባለች ስላደገች እንደሆነ ትናገራለች። ጓደኞቼ ደግሞ መውለድ ጀምረዋል፤ የሁሉም ፍርሃት አንድ ነው፤ «ልጄን ባበላሸውስ?»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲያስጨንቀኝ የታሪክ መጽሐፍ ነው የምገልጠው። ለዚህኛው ጥያቄ ደግሞ ከሐረር የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ማንም ተመራማሪ ሳያስበው፣ እዚያ አንድ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጆቹን ስጠቀም እ.ኤ.አ. እላለሁ። ሰዎቹንም በልጅነታቸው «እሱ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ካደጉ በኋላ አንቱታቸውን እመልስላቸዋለሁ።)

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ከሐረር ብዙም በማትርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ተፈሪ ተወለደ። ከአራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 1885፣ ዘመዱ እምሩ ተወለደ። ተፈሪ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ሞቱ። አባቱ ራስ መኮንን የሐረርጌ ገዥ ነበሩ፤ ዓድዋ ዘምተዋል፣ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የንግሥ በዓል እንግሊዝ ድረስ ሄደዋል። ስማቸው ቤቱን የሞላ፣ እሳቸው ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ የነበሩ አባት ነበሩ። ሁለቱ ልጆች በራስ መኮንን ጥላ ሥር እንደ መንታ አብረው አደጉ።

ትምህርቱም አንድ ነበር። እንደ ዘመኑ ልማድ ከፊደልና ከዳዊት ጀመሩ። ራስ መኮንን ግን በዚያ አላበቁም፤ ልጆቹ ፈረንሳይኛ እንዲማሩ ፈለጉ። ከጓዴሎፕ የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታሊየንና ከካቶሊክ ሚሲዮኑ ዘንድ የተማሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን አስተማሪዎች ሆኑ። አባ ሳሙኤል በተለይ ለሁለቱም ልጆች ከአስተማሪ በላይ ነበሩ። በ1907 ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ አባ ሳሙኤል ሲሞቱ ተፈሪም እዚያችው ጀልባ ላይ ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ።

እንግዲህ ዕድሜ አንድ፣ ቤት አንድ፣ መምህር አንድ፣ የሚፈሩት ትልቅ ሰውም አንድ ነው። አስተዳደግ እንደ ማኅተም ከሆነና ልጅ እንደ ሰም ከሆነ፣ ሁለት ተመሳሳይ ሰዎች መውጣት ነበረባቸው።

አልወጡም። ተፈሪ መኮንን ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ፣ ፊታቸው የማይነበብ፣ መጠበቅ የሚችሉ ሰው ሆኑ። በ1909 አልጋ ወራሽ ተባሉ፤ ዘውዱን የጫኑት ግን በ1923 ነው። በመሀል ባሉት 14 ዓመታት ከሳቸው በላይ ጦርና ዝና የነበራቸውን መኳንንት አንድ በአንድ ከመንገዳቸው ገለል አደረጉ። ከዘውዱም በኋላ ሥልጣንን ወደ ራሳቸው መሰብሰብ አላቆሙም፤ ለማጋራት ሳይፈቅዱም መጨረሻቸው መጣ።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1928 በሽሬ ግንባር ጦር መሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ እሳቸው አገር ውስጥ ቀርተው ነበር፤ በ1929 ተማረኩና ጣሊያን አገር ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቪየት ኅብረት አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈላቸው የሚታወቁ፣ ከዚህም የተነሳ «ቀዩ ራስ» የሚል ስም የወጣላቸው መስፍን ነበሩ። ታኅሣሥ 1953 ዙፋኑን ለመገልበጥ የሞከሩት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው የሰየሙት እሳቸውን ነው። ሙከራው ከሸፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አብሮ አደጋቸውን አልቀጡም።

ሁለቱም ስለ ሕይወታቸው መጽሐፍ ጽፈዋል። የንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ይባላል። የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይባላል። ርዕሶቹን ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው የራሱን ሕይወትና የአገሩን ጉዞ በአንድ «ና» አጣብቆታል፤ ሁለተኛው ካየው ውስጥ የሚያስታውሰውን ያህል ብቻ ልንገራችሁ ይላል። ከአንድ ቤት!

ታዲያ ተረቱ አሸነፈ ማለት ነው? ሆድም ቤትም ዥንጉርጉር ነው ብለን እንዝጋው? እኔ ትንሽ ቆይ እላለሁ። ምክንያቱም ቤቱ አንድ ይመስላል እንጂ ለሁለቱ ልጆች አንድ አልነበረም።

ተፈሪ የራስ ልጅ ነው። በጥቅምት 1898፣ በ13 ዓመቱ፣ አባቱ ደጃዝማች ብለው በጋራ ሙለታ ላይ ሾሙት። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1898፣ ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ አረፉ። የሐረርጌ ግዛት ደግሞ ለተፈሪ አልተሰጠም፤ ለታላቅ ወንድሙ ለደጃዝማች ይልማ ሆነ። እናትም አባትም የሌለው የ13 ዓመት ልጅ አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገባ። እዚያ ቤት ማን የማን ወገን እንደሆነ ሳያውቁ መናገር ዋጋ ያስከፍላል። ንጉሡ እየታመሙ፣ እቴጌይቱና መኳንንቱ እየተሳሳቡ ነው። ዝምታ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ጋሻው ነበር። እምሩም የመኳንንት ልጅ ነው፣ ብዙ አይቷል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ውርስ አልነበረውም። አንድ ማዕድ የሚበሉ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ማዕዱ የሱ እንደሚሆን ያውቃል፣ ሌላው አይጠብቀውም።

ሦስተኛ ልጅ ልጨምር። ልጅ ኢያሱ በ1887 ተወለደ። እንደ ተፈሪ እናቱን ገና በልጅነቱ አጥቷል። እንደ ተፈሪ አባቱ ራስ ነበሩ፤ የወሎው ራስ ሚካኤል። አያቱ ደግሞ ምኒልክ ናቸው። በ1901 በ14 ዓመቱ ወራሽ ተብሎ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ልጅ ከሮማንወርቅ ጋር ተዳረ። ሞግዚት የተደረጉለት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ሲሞቱ የ16 ዓመቱ ልጅ ከልካይ አጣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ተሻረ፤ ከአንድ ወር በኋላ ጥቅምት 17 አባቱ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ኢያሱ የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመጣናል፤ በሞልቃቃነት ያደገ፣ ያልተገራ፣ ያልተቀጣ ልጅ። አሳዳጊ የበደለው! ከቤተ መንግሥት ሥርዓት እየወጣ ሐረርና ኦጋዴን መዞሩ፣ ከሶማሌና ከአፋር ባላባቶች ጋር መወዳጀቱ የአስተዳደግ ጉድለት ተደርጎ ተተረከ። አባቱ እስከ 1870 ድረስ ሙስሊም እንደነበሩ፣ ልጁ በሁለት ሃይማኖቶች መሀል ባለ ቤት እንዳደገ ግን እንደ ጥንካሬ አልተቆጠረለትም። የቅርብ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ያንኑ ዙረት ሙስሊሙን ሕዝብ ወደ መንግሥቱ ለማቅረብ የተደረገ ሙከራ አድርገው ያዩታል።

እስቲ ሰገሌ ላይ ራስ ሚካኤል አሸነፉ እንበል። ታሪኩን የሚጽፉት የኢያሱ ሰዎች ይሆኑ ነበር። ያኔ ምን እናነብ ነበር? «በአያቱ ፍቅር፣ በነፃነት ስላደገ ከሁሉም ጋር የሚግባባ ደፋር ንጉሥ ሆነ።» ስለ ተፈሪስ? «ያለ እናት ስላደገ ልቡን የማይሰጥ፣ ሸረኛ ሆነ።» ልጅነታቸው አልተቀየረም፤ የተቀየረው የጦርነቱ ውጤት ብቻ ነው። አስተዳደግን የምናነበው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ቅጣቱ «ሥነ ሥርዓት» ይባልለታል፣ የተሸነፈ ሰው ፍቅሩ «መሞላቀቅ» ይባልበታል። ሰፈራችን ውስጥም እንዲሁ ነው እኮ።

ሳይንሱም ቢሆን በዚሁ መንገድ ላይ ሲወላከፍ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1928 ጆን ዋትሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ወላጆችን ልጅ አትቀፉ፣ አትሳሙ፣ ጠዋት ከፈለጋችሁ እጁን ጨብጡት ብሎ መከረ። ቆይቶ እንግሊዛዊው ጆን ቦልቢና ሜሪ ኤንስዎርዝ ደግሞ ሕፃን የሚጠጋበት ሰው ካላገኘ እንደሚጎዳ አሳዩ፤ ኤንስዎርዝ ይህን ማጥናት የጀመረችው እዚሁ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ፣ እናቶች ቤት እየሄደች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳያና ባውምሪንድ በርክሌይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወላጆችን በሦስት መደበች። አንደኛው ፈላጭ ቆራጭ ነው፤ ያልኩህን አድርግ፣ ለምን አትበለኝ። ሁለተኛው ልጓም የለቀቀ ነው። ሦስተኛው ጠበቅም አፍቃሪም ነው፤ ሕግ አለው፣ ምክንያቱንም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ማኮቢና ማርቲን አራተኛውን፣ ልጁን ጨርሶ የረሳውን ወላጅ ጨመሩ። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው ምክር አብዛኛው የዚህ ምድብ ልጅ ነው፤ ሦስተኛው ወላጅ ያሳደጋቸው ልጆች በአማካይ የተሻለ ሆነው ይገኛሉ የሚል።

ግን «በአማካይ አብረው ይገኛሉ» ማለት «አንዱ ሌላውን አመጣ» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሪቻርድ ቤል ቀላል ጥያቄ አነሳ፤ ወላጁ ነው ልጁን የቀረጸው፣ ወይስ ልጁ ወላጁን? ረጋ ያለ ልጅ ያላት እናት ምክንያት ለማስረዳት ጊዜ አላት። ሰው የሚማታ፣ ከአጥር የሚዘል ልጅ ያላት እናት በማታ ስትጮህ ልትገኝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፕሎሚንና ዳንኤልስ የመንታዎችንና የማደጎ ልጆችን ጥናት ሰብስበው አንድ ቤት ያደጉ ልጆች ለምን እንዲህ ይለያያሉ ብለው ጠየቁ። ያገኙት ነገር ብዙ ሰው አስደንግጧል፤ በባሕርይ ረገድ ወንድማማቾችን የሚያመሳስላቸው በአብዛኛው የጋራ ዘራቸው ነው፤ የጋራ ቤታቸው ድርሻ ትንሽ ነው። ቀሪውን የሚሠራው ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚደርሰው ነገር ነው። የተፈሪና የእምሩ ቤት ማለት ይሄ ነው።

ምድቡ ራሱ ወደ እኛ ቤት ሲመጣም ይቸገራል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ መንዝ ልጆች አስተዳደግ ጽፏል፤ ከሁሉ በፊት የሚጠበቅባቸው መታዘዝ፣ ማገልገል፣ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ነበር። በባውምሪንድ ሚዛን ይህ ፈላጭ ቆራጭ ነው፣ አለቀ። ለልጁ ግን ምን ማለት ነበር? እሱ የሚለካው በ«ጨዋ» ነው። ይሄ ቃል ራሱ ረጅም መንገድ መጥቷል፤ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጭፍራ ስም ነበር፣ በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ ያልተማረ ምእመን ማለት ነው፣ ለእናቴ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ የሚያስታጥብ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሩት ቻዎ ስለ ቻይናውያን ቤተሰቦች ተመሳሳይ ነገር ጽፋለች፤ ከውጭ ጭቆና የሚመስለው ጥብቅነት ለልጁ «ለኔ ይጨነቃሉ» የሚል ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብላ።

ይህን ሁሉ የማነበው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። እናቴ ሦስታችንን ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ሰፈር ውስጥ ጠብ በተነሳ ቁጥር ስሙ የሚጠራ ልጅ ነበር። እኔ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ የዋልኩ ነኝ። ታናሽ እህታችን ነርስ ናት። ጎረቤቶች ለወንድሜ «ሴት ያሳደገው» ሲሉ እሷ ሰምታ ዝም ትላለች። የኔንና የእህቴን ግን ማንም «ሴት ያሳደጋቸው» ብሎ አላመሰገነላትም፤ የኛ ጉብዝና የራሳችን ተባለ። ስትበሳጭ «ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብላ ትገላገላለች።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ፊት ለፊት ተናገራት። «እኔን ደብድበሽኛል፤ እነሱን አልነካሽም። ለዚህ ነው እንዲህ የሆንኩት።» እሷም አልካደችም። እሱን ስትወልድ 19 ዓመቷ ነበር፤ አባታችን ሄዷል፣ ቤት ኪራይ አለ፣ ዘመድ የለም። እህቴ ስትወለድ የወር ደሞዝ ነበራት፤ የተከራየናት ክፍልም መስኮት ነበራት። እሱን ያሳደገችው እናትና እህቴን ያሳደገችው እናት ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ ሰው አልነበሩም።

ዱላው ነው ወንድሜን እንዲህ ያደረገው? እኔ ያነበብኩት ሁሉ ይህን በእርግጠኝነት ሊመልስልኝ አይችልም፤ ስለ ብዙ ልጆች አማካይ እንጂ ስለ አንድ ወንድም አይናገርም። ግን ደግሞ ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ይመስለኛል። ዱላው ባሕርዩን ባይለውጠውም እኮ ያኔ አሞታል። የሰባት ዓመት ልጅ በርበሬ ታጥኖ ዓይኑ ሲቃጠል፣ ያ ቃጠሎ ትክክል አለመሆኑን ለማወቅ በሠላሳ ዓመቱ ምን እንደሚሆን መጠበቅ የለብንም። «ተገርፈን ሰው ሆነናል» የሚለውም፣ «ተገርፌ ተበላሸሁ» የሚለውም ልጅነትን እንደ እርሻ ነው የሚያዩት፤ ዋጋው በአዝመራው ይለካል ይላሉ። ልጅነት ግን ራሱ የዕድሜ ክፍል ነው፤ ሰው ይኖርበታል።

ሕጋችንም ነገሩን በር ላይ ትቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ቤትን አይጠቅስም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ለወላጅ የመቅጣት ሥልጣን የሚሆን ቀዳዳ ትቷል። መምህሩ የማይችለውን አባት ይችላል።

ሦስቱ ልጆች መጨረሻቸው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ ከአምስት ዓመት በኋላ ተይዘው ታሰሩ፤ በ1928 በእስር ላይ ሞቱ። ያረፉት ጋራ ሙለታ ነው፤ ተፈሪ በ13 ዓመታቸው የተሾሙባት ያችው ጋራ ሙለታ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወርደው በዓመቱ በደርግ እጅ ሞቱ፤ አስከሬናቸው እንኳ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ራስ እምሩ አብሮ አደጋቸውን ቀብሮ የማያውቅ ያ መንግሥት እያለ፣ በ1972 አረፉ፤ በክብርም ተቀበሩ። አንድም አሳዳጊ ይህንን አላቀደውም፤ ራስ መኮንንም፣ አባ ሳሙኤልም፣ ምኒልክም።

ስለዚህ ጓደኞቼ «ልጄን ባበላሸውስ?» ሲሉኝ የሐረሩን ቤት እነግራቸዋለሁ። የልጃችሁ ጠባይ በእጃችሁ ያለ ጭቃ አይደለም እላቸዋለሁ፤ ግማሹን ይዞት መጥቷል፣ ከቀረውም ብዙው እናንተ የማታዩት ቦታ ነው የሚሠራው። ይሄ ለአንዳንዱ ተስፋ ማስቆረጥ ይመስለዋል፤ ለኔ ግን እፎይታ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ማንም አይመልሰውም። ልጁ ዛሬ ማታ ፈርቶ ነው የሚተኛው ወይስ ተረጋግቶ? ይሄኛውን ግን ከመተኛታችሁ በፊት ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።